ዶክተር ጭልፊት

«ሰላም» ይላል መልእክቱ። ሌላ ነገር የለውም።

ሚጣ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሮቿን ግድግዳው ላይ ሰቅላ ስልኳን ትክ ብላ አየችው። ላኪው ዛሬ ጠዋት ወደ ግሩፑ የገባ ሰው ነው። በፎቶው ቦታ ቀይ ጽጌረዳ ለጥፏል፤ በስሙ ቦታ ደግሞ «ተስፋ አለኝ» ብሎ ጽፏል። ተስፋ ያለው ሰው ሁሉ ለምን ጽጌረዳ እንደሚለጥፍ ሚጣ ገብቷት አያውቅም። የእሷ ፍርድ አጭር ነው፤ ፋራ። ሁለት ሺህ ሰው ወዳለበት የዶሮ እርባታ ግሩፕ ገብቶ፣ ሰላም ብሎ፣ ሁለት ሺህ ሰው በየተራ «እግዜር ይመስገን» እስኪለው ድረስ በር ላይ ተገትሮ የሚጠብቅ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ስልኩ እንደገና ጮኸ። «እንዴት ናችሁ ቤተሰብ።»

«ቤተሰብ ይልሃል» አለች ለጣሪያው።

«ጫጩቶቼ» አለ ሦስተኛው መልእክት። አራተኛው እስኪመጣ ሰው ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። «አንድ ጥግ ላይ ተከማችተዋል።»

አራት መልእክት ተልኮ አንድ ዓረፍተ ነገር አልሞላም። ሰውዬው ለዶሮ ጥሬ እንደሚበትን ሁሉ ቃል እየቆነጠረ ይበትናል። የጫጩቶቹ ዕድሜ የለ፣ ብዛታቸው የለ፣ ፎቶ የለ። የግሩፑ ሕግ ጥያቄ ሙሉውን፣ በአንድ መልእክት፣ ከነፎቶው ይላካል ይላል። ሕጉም ዓይን ያለው ሁሉ እንዲያየው ከላይ ተሰቅሏል። ግን ማን ያነባል? ሰው የሚያነበው የራሱን ጽሑፍ ነው፤ እሱንም ከላከው በኋላ።

ሚጣ እግሯን ከግድግዳው አወረደችና በአውራ ጣቷ መታ መታ አደረገች። «በርዷቸዋል። ሙቀት ጨምር። ሌላ ጊዜ ጥያቄህን እየቆራረጥክ አትላክ። እዚህ ያለነው ሥራ ያለን ሰዎች ነን።»

ሥራ ያላት ሚጣ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የቅዳሜ ሥራዋ ሳህን ማጠብ ሲሆን ሳህኑ ከቁርስ ጀምሮ ገንዳ ውስጥ ይጠብቃታል። ግሩፑ ውስጥ ግን አድሚን ናት። ከሰውዬው ስም ሥር «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ብልጭ ድርግም ሲል አየችና አምስተኛ ቁራጭ ሊመጣ መሆኑ ገባት። አልጠበቀችውም። እስከ ነገ አንድ ቃል እንዳይጽፍ አፉን ዘጋችው። ምልክቱ ጠፋ፤ አንጀቷም ራሰ።

ወዲያው ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች መልሷ ላይ አውራ ጣት አስቀመጡ። መኖ ነጋዴው ሳይቀር «ትክክል ብለዋል ዶክተር ጭልፊት» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ የመኖ ከረጢቶቹን ፎቶ አስከተለ። እሱ ለማንኛውም ነገር ከረጢቶቹን ያስከትላል። ሰው አባቴ ሞተ ቢል እንኳ ከረጢት ሳይልክ አያልፍም።

ግሩፑን የከፈተችው አንዲት ታዋቂ የእንስሳት ሐኪም ናት። ሐሳቧ መልካም ነበር፤ የየትምህርት ቤቱ የዶሮ እርባታ ክበብ ተማሪዎች፣ አርቢዎችና ባለሙያዎች አንድ ላይ ሆነው እንዲማማሩ። የመልካም ሐሳብ ዕጣው ግን ሰዎች የሚገቡበት መሆኑ ነው። ተማሪው የቤት ሥራውን እንዳለ ፎቶ አንስቶ «ለሰኞ ነው፣ ቶሎ በሉ» ይላል። ባለሙያው አይሻልም። አንዱ በየማለዳው አበባ ይልካል። ሌላው ከመማሪያ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ገልብጦ «በአጭሩ ይህ ነው» ይላል። ሦስተኛው የድምፅ መልእክት ከፍቶ ይረሳውና ሁለት ሺህ ሰው ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ያዳምጠዋል።

ሚጣ ራሷ መጀመሪያ የገባችው እንደ ጨዋ ልጅ ነበር። ከነስሟ፣ ከነትምህርት ቤት ልብሷ ፎቶ። «ይቅርታ፣ ተማሪ ነኝ፣ የሞኝ ጥያቄ ከሆነ ይቅር በሉኝ» ብላ ስለ እንቁላል መፈልፈያ አንድ ነገር ጠየቀች። ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። ያገኘችው መልስ የከረጢት ፎቶ ብቻ ነው። ሳምንት ቆይታ ፎቶዋን አነሳች፣ ጭልፊት ለጠፈች፣ ስሟንም ጭልፊት አለችው። ያንኑ ጥያቄ ያለ ሰላምታ፣ ያለ ይቅርታ፣ እንደ ተበሳጨ ሰው ጣለችው። ስልኳን ሳታስቀምጥ ሦስት ሰው ተሻምቶ መለሰላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚጣ ስለ ሰው ልጅ አንድ ነገር እንደተማረች አመነች። ሰው እሱን የሚያከብረውን አይሰማም፤ እሱን የሚንቀውን ነው የሚሰማው።

ከዚያ መመለስ ጀመረች። በመልሱ በኩል አትታማም፤ በግሩፑ ውስጥ የተጻፈውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አንብባለች፣ የተሰቀለውን መጽሐፍ ሁሉ በልታዋለች። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበረች፤ የባሰባትም ይኸው ነው። አንድ የኮሌጅ ተማሪ «ዶክተር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብሎ ሲጠይቃት አላረመችውም። ሌሎችም ተከተሉት፤ ሐኪሟም ቆይታ አድሚን አደረገቻት። ዝም ማለት ውሸት ነው ወይ ብላ ራሷን ጠየቀችና፣ አይደለም ብላ ለራሷ መለሰች። ጠያቂውም መላሹም አንድ ሰው ሲሆን ችሎት ቶሎ ያልቃል።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ሐኪሟ ራሷ ጻፈችላት። ሰኞ ከብዙ ትምህርት ቤቶች አዳዲስ ተማሪዎች ይገባሉና የግሩፑን ሥነ ሥርዓት እርስዎ ቢጽፉልን፣ ከእርስዎ በላይ ሕግ የሚያስከብር የለም፣ አለቻት። ሚጣ ደረቷ ተነፋ። ጽሑፉን ጀምራዋለች። የመጀመሪያው መስመር «እዚህ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ማንበብ ይማር» የሚል ሲሆን በጣም ወዳዋለች።

ያልወደደችው አንድ ሕግ ነበር፤ ሐኪሟ የግድ ይግባ ያለችው። የተሳሳተ መልስ የሰጠ ሰው መልሱን አያጠፋም፤ ከሥሩ በራሱ እጅ ያርመዋል። ምክንያቱም ያንን መልስ ስንቱ አንብቦ እንደሠራበት አይታወቅም። ሕጉ ከመጀመሪያው ጀምሮ አለ፤ እስከ ዛሬ ግን ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። ሁለት ሺህ ሰው፣ አንድ ስሕተት የለም። ተአምር ነው።

«ሚጣ! ምሳ!» አለች እናቷ ከሳሎን።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑ ግማሹ የእሷ መኪናና ጨርቅ ነው፤ ምሳ የሚበላው በቀረው ግማሽ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰሃን ነበር። ሦስተኛው የአጎቷ ነው፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው መሪውን ተወና እነሱ ጋ ገባ። እንደ ዕቃ ተቀምጬ አልበላም ብሎ የጓሮውን አሮጌ ዕቃ ቤት ጠርጎ፣ በቅርቡ ጫጩት አስገባበት። ሚጣ ጫጩቶቹ ከመጡ ወዲህ ወደ ጓሮ ዝር ብላ አታውቅም። ሽታው! በስልኳ የአገሩን ዶሮ ሁሉ ታክማለች፤ ከግድግዳዋ ጀርባ ያለውን ግን አፍንጫዋን ይዛ ታልፋለች።

አጎቷንም ከዶሮዎቹ ለይታ አታየውም ነበር። ስልኩን እንደ መስተዋት ከፊቱ አርቆ ይይዛል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ፊደል በፊደል ያነባል፣ አንድ ቃል ለመጻፍ አንድ ጣት ብቻ ይጠቀማል። እሷ እንዲህ ያለውን ሰው በአክብሮት «እርስዎ» ትለዋለች፤ በሆዷ የምትለው ሌላ ነው።

አጎቷ ዘግይቶ ገባ። ፊቱ በላብ ርሷል፣ ግን እንደ ሙሽራ ይስቃል። ገና ሳይቀመጥ ስልኩን አወጣ። ግሩፕ ገባሁ አላቸው፤ ጎረቤት ነው ያስገባው። ጠየቅኩ አላቸው። ደቂቃ ሳይቆይ ትልቅ ሐኪም መለሰልኝ አላቸው። ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ።

«በር-ዷቸዋል። ሙቀት ጨ-ምር። ሌላ ጊዜ ጥያቄህን እየ-ቆራ-ረጥክ አትላክ።»

ሚጣ የጎረሰችውን ማኘክ ተወች። ከአጎቷ አውራ ጣት ሥር ቀይ ጽጌረዳ ታየቻት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እሷ ግን የገዛ ቃሏን ፊደል በፊደል፣ በላብ በራሰ ሰው አፍ እየሰማች ነው።

«ሰድቦሃል እኮ» አለች እናቷ።

«ይገባኛል» አለ አጎቷ በደስታ። «ሐኪም ማለት እንዲህ ነው። አይለማመጥ፣ አያባብል። ሾፌር እያለሁ አንድ የጋራዥ ሹም ነበረን፣ ሳይሰድብ መኪና አይነካም። እሱ የነካው መኪና ደግሞ መንገድ ላይ አይቆምም።»

ከዚያ ስልኩን ወደ ሚጣ ገፋ። ከሐኪሙ መልስ በኋላ አልጽፍ ብሎኛልና እስቲ እዪው፣ የጀመርኩትን መጨረስ አቃተኝ፣ አላት። ስልኩ የተበላሸ መስሎታል።

«ምን ሊጽፉ ነበር?» አለችው ስልኩን ሳትነካ።

«ቀሪውን ነዋ። ከአምፖሉ ሸሽተው ነው ጥግ የያዙት። አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፣ ክንፋቸውንም ጥለውታል። ይህን ልነግረው ነበር። ግን ለሱ ምን ይነገረዋል? ከጅምሩ ገብቶታል።»

ማንኛውም የዶሮ መጽሐፍ ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይህንን ይላል። የበረደው ጫጩት አምፖሉ ሥር ይተቃቀፋል፤ የሞቀው ከአምፖሉ ይሸሻል። ጥግ ላይ ተከማችቷል ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ከምን ሸሽቶ ነው የሚለው ነው ነገሩ። ያ ደግሞ በአምስተኛው መልእክት ይመጣ ነበር፤ የምትዘጋው ሰው ባይኖር።

«አምፖል ጨመሩ?»

«ሁለት። ከትልልቁ።»

«አጎቴ፣ አጥፏቸው። ሞቋቸው ነው እንጂ አልበረዳቸውም። ሌላ ሙቀት ከጨመሩባቸው ያልቃሉ።»

አጎቷ እንደ ትንሽ ልጅ አያት፤ ትንሽ ልጅ ናትና። «አንቺ ጫጩት በእጅሽ ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

«አልነካሁም፤ ግን አንብቤ…»

«እሱ ሐኪም ነው። ጨምር ብሏል።»

«ቢሳሳትስ?»

አጎቷ ወደ እናቷ ዞሮ ሳቀ። «ሰማሽ እህቴ? ዘጠነኛ ክፍል ሐኪም ልታርም ተነሳች።» እናቷም ሚጣን አርፈሽ ብዪ አለቻት።

ሚጣ አርፋ አልበላችም። ሰሃኗን ትታ ወደ ጓሮ ሮጠች። የዕቃ ቤቱን በር ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን ገረፋት። መስኮቱ በአሮጌ ጆንያ ተደፍኗል፤ ብርድ እንዳይገባ ሐኪሙ ያዘዘው ይመስል። አራት አምፖሎች ዝቅ ብለው ተንጠልጥለው ይነዳሉ። ጫጩቶቹ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ተጣብቀው፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። የውሃ ዕቃቸው ደርቋል። አምፖሎቹ ሥር ሦስት ጫጩቶች ተኝተዋል። አይነሡም።

እጇን ወደ ማብሪያው ስትሰድ አጎቷ ከኋላ ደርሶ አንጓዋን ያዛት።

«ተይ ብያለሁ!»

«ሞተዋል እኮ፣ አጎቴ! ይዩዋቸው!»

አጎቷ ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣና መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። «ብርዱ ነው የገደላቸው» አለ በመጨረሻ። «እሱ ቀድሞ ባይነግረኝ ሁሉም አልቀውልኝ ነበር።»

ሚጣ አፏን ከፈተች። እሱ እኔ ነኝ ማለት ነበረባት። ሦስት ቃል ብቻ ነው። ግን ከሦስቱ ቃል በኋላ የሚመጣው ታያት። ከሰኞ በፊት ሐኪሟ ትሰማለች፣ ዶክተር የሚላት አይኖርም፣ አጎቷም ይህን ጫጩት በመዳፉ ይዞ ያያታል። አፏን ዘጋችው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው አለች በሆዷ፤ ማንም ሳያውቅ ልታጠፋው ትችላለች።

ወጥታ ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ካለው የውሃ ማጠራቀሚያ ጀርባ ተቀመጠችና በጭልፊት ስም ለአጎቷ ለብቻው ጻፈችለት። «መልሼ አሰብኩበት። የጨመርከውን አምፖል አጥፋ፣ የቀረውን ከፍ አድርገህ ስቀል። በሩንም መስኮቱንም ክፈት። ውሃ ስጣቸው። አሁኑኑ።»

በግድግዳው በኩል የአጎቷ ስልክ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ንባቡ ጀመረ። «መል-ሼ… አሰ-ብ… አሰብኩበት።» ሚጣ ጉልበቷን አቅፋ ጥርሷን ነከሰች። አንድ ቃል ባነበበ ቁጥር ውስጥ ያሉት ይነዳሉ። «የጨ-መር-ከውን…» አንብበው፣ አንብበው፣ አለች በሹክሹክታ። በመጨረሻ ማብሪያው ቀጭ አለ፣ በሩ ተበረገደ፣ ጆንያው ከመስኮቱ ወደ ውጭ ተወረወረ።

ጥቂት ቆይታ ስትመለስ ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ሰብስበው ውሃው ዙሪያ ይተረማመሱ ነበር። አጎቷ ባልዲ ይዞ ቆሟል። ከሦስቱ ሌላ የሞተ የለም።

«አየሽ?» አላት። «ምንም ሳልነግረው፣ ከሩቅ ሆኖ ገባው። እውቀት ማለት ይህ ነው፣ ሚጣ። ከሱ ተማሪ።»

«እኔም እኮ ያንኑ ነው ያልኩዎት።»

«አንቺማ ዝም ብለሽ ነው ያልሽው» አለ አጎቷ። «እሱ አውቆ ነው የሚናገረው።»

ሰው የሚሰማው የሚንቀውን ነው። ይህንን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት።

ወደ አልጋዋ ተመለሰች። አለቀ፤ ሦስት ጫጩት ሞተ፣ የቀሩት ተረፉ፣ ማንም አላወቀም። የጀመረችውን ሥነ ሥርዓት ከፈተችና ስለ ፎቶ አስፈላጊነት አንድ መስመር ጨመረች። ሁለተኛውን መስመር ሳትጀምር ግሩፑ ላይ አዲስ መልእክት መጣ።

ላኪዋ የአንድ ትምህርት ቤት ክበብ ተማሪ ናት። «ጤና ይስጥልኝ። የክበባችን ጫጩቶች አንድ ሳምንታቸው ነው፣ አምሳ ናቸው። ዛሬ አንድ ጥግ ላይ ተከማችተው አገኘናቸው። ዶክተር ጭልፊት ዛሬ ጠዋት ለአንድ አርቢ የመለሱትን አንብበን አሁን ሦስት አምፖል ጨምረናል። ፎቶውን ከሥር አያይዣለሁ። እናመሰግናለን።»

በአንድ መልእክት። ከነዕድሜው፣ ከነብዛቱ፣ ከነፎቶው። ሚጣ በግሩፑ ታሪክ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ጥያቄ አይታ አታውቅም። ልጅቷ ማንበብ ተምራ ነው የገባችው፤ ያነበበችውም የሚጣን መልስ ነው። ፎቶውን አሰፋችው። ጫጩቶቹ ከአምፖሉ ሸሽተው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ አፋቸው ተከፍቷል። የጠዋቱ መልሷ ላይ የሁለቱ ሐኪሞች አውራ ጣት እስካሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል። መኖ ነጋዴው ለልጅቷ ከረጢት ልኮላታል። ፎቶውን ያየው የለም።

ለልጅቷም እንደ አጎቷ ለብቻዋ መጻፍ ይቻላል። የጠዋቱንም መልስ በአንድ ጣት ማጥፋት ይቻላል፤ አድሚን ናት። ግን ልጅቷ አንብባው ከሆነ ሌላም አንብቦታል፤ የሚያመሰግነው ጥቂቱ ነው፣ የሚበዛው ዝም ብሎ አምፖሉን ይጨምራል። ያንን ሰው በምን ስሙ ታገኘዋለች?

መናቅ እንዴት እንደሚሠራ ከሚጣ በላይ የሚያውቅ የለም። ማን መጀመሪያ እንደሚስቅ፣ ማን «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» እንደሚል፣ ማን ደግሞ ጨዋ መስሎ «ልጅ ናት፣ እንተዋት» እያለ ቢላዋውን እንደሚስለው ቁጭ ብላ መዘርዘር ትችላለች። በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ ቀድማ የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ ቃሉም ሳይቀር ታያት።

ተነሣች። መጀመሪያ የ«ተስፋ አለኝን» አፍ ከፈተችለት። ከዚያ ወደ ጓሮ እየሄደች፣ ሳታቋርጥ ጻፈች። እዚያው ክፍሏ ሆና ልትልከው ትችል ነበር፤ ግን አጎቷ ለብቻው እንዲያነበው አልፈለገችም። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ከጠዋቱ መልስ ሥር ለግሩፑ ሁሉ ላከችው።

የአጎቷ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ባልዲውን አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ክንዱን ዘረጋ። ሚጣ በሩ ላይ ቆመች። እሱ ለሱ የመጣ ሌላ ትእዛዝ መስሎት ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ጠዋት ለ‹ተስፋ አለኝ› የሰጠሁት መልስ ስሕ-ተት ነው። ጫጩቶቹ ከአምፖል ሸሽተው ከሆነ ሞቋ-ቸዋል እንጂ አልበረዳቸውም። አምፖል የጨመራችሁ አሁኑኑ አጥፉ፣ ክፍሉን አናፍሱ፣ ውሃ ስጡ።» ቀና ብሎ ጫጩቶቹን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነው። አጥፍተናል።» ቀጠለ። «ጠያቂው ነገሩን ሊጨርስ ሲል እንዳይጽፍ የከ-ለከልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጫጩት ሞቶ-በታል።»

እዚህ ላይ ቆመ። ስለ ሞቱት ለማንም አልተናገረም። ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ የቀረውን በዝምታ አነበበ። ሚጣ የት እንደደረሰ ከከንፈሩ ታውቅ ነበር። ሦስት አምፖል የጨመርሽው የክበብ ተማሪ፣ አጥፍተሽ ንገሪኝ። ሐኪም አይደለሁም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጠያቂው አጎቴ ነው።

አጎቷ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

«አንተ ስትዪኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ፊቱን አዙሮ፣ ጥግ ላይ ጨርቅ ያለበሳቸውን ሦስቱን ጫጩቶች ብዙ አያቸው። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ይቅርታ ለማለት ሁለት ጊዜ ጀመረችና ሁለቱንም ጊዜ ሳትጨርሰው ተወችው።

የእሷም ስልክ መጮህ ጀመረ። የመጀመሪያው መኖ ነጋዴው ነው፤ የሚስቁ ፊቶች ደርድሯል፣ ለዛሬ ከረጢቱን ረስቶታል። ሁለተኛው ድሮም መጠርጠሩን ተናገረ። አበባ ላኪው «ዶክተር ጭልፊት ጫጩት ሆኑ እንዴ?» አለ። የጠዋቱ መልስ ላይ ከነበሩት አውራ ጣቶች አንዱ ጠፋ፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላውም ጠፋ። እነሱ ግን አልተሳሳቱም፤ አውራ ጣት አስቀምጠው አያውቁም። ሐኪሟ መልእክቱን ማየቷ ይታያል፤ እስካሁን ምንም አላለችም።

«ታዲያ እኔ ጥያቄ ሲኖረኝ ከዚህ በኋላ ለማን ነው የምጽፈው?» አለ አጎቷ ሳይዞር።

«ለግሩፑ» አለች ሚጣ። «ያሻዎትን ያህል ቆራርጠው ይጻፉ። እስኪጨርሱ የሚዘጋዎት የለም፤ የሚዘጋ ካለ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

አጎቷ ወደ እሷ መጥቶ ስልኳ ላይ አንገቱን አሰገገ። መልእክቶቹ እየተጋፉ ያልፋሉ፤ እሱ ሊያነባቸው አይደርስባቸውም።

«ያቺ የትምህርት ቤት ልጅ አምፖሉን አጠፋችው?»

«ገና አልመለሰችም።»

ባዶውን ባልዲ ገለበጠና በእግሩ ወደ እሷ ገፋላት። ሚጣ ተቀመጠችበት። የሚስቁትንና የሚሳደቡትን አንድ በአንድ እያሳለፈች፣ ለማንም ሳትመልስ፣ የልጅቷን መልስ ትጠብቅ ጀመር።